ባለጥጧ እና የድንጋይ ቤቱ ልጅ

እሺ፣ ባለፈው ሳምንት ባለጥጧን የድንጋይ ቤቱ በር ላይ ትተናት ነው የሄድነው። አሁንም እዚያው ቆማለች። ፀሐዩ አናቷን ይበላታል፣ ናሙና የምትይዝበት የበረዶ ሳጥን ማንጠልጠያ ትከሻዋን ገዝግዞታል፣ ዘበኛው ደግሞ የብረት በሩን በጉልበቱ ደግፎ "አይቻልም" ይላል።

"እኔ ምን ላድርግሽ ልጄ? እትዬ 'ያቺ ባለጥጥ እንዳትገባ' ብለውኛል። ሥራዬ ነው።"

"የእኔም ሥራዬ ነው አባባ። ደግሞ ግራ ዓይንዎ ቀልቷል።"

ዘበኛው ግራ ዓይኑን ጨፈነ። "ትንኝ ገብቶብኝ ነው።"

"የዚህ ሰፈር ትንኝ ድንጋይ ቤት ውስጥ የሚሠራ ሰው እየመረጠ ነው እንዴ የሚገባው?"

ሊስቅ ነበር፤ ወደ ኋላው ዞር ብሎ አየና ሳቁን ዋጠው።

ስሟን የሚጠራት የለም። ጥጥ የተጠቀለለበት ቀጭን ዘንግ ይዛ የሰው ዓይን ስር ስለምትገባ "ባለጥጧ" ብለዋታል፣ በቃ፣ ባለጥጧ ሆና ቀረች። የጤና ቢሮ መርማሪ ናት። ድንጋይ ቤት የሚሉት ደግሞ የከበሩ ድንጋዮች የሚቆረጡበትና የሚለሰልሱበት ወርክሾፕ ነው። እዚያ የሚሠራው ሰው ዓይኑ ተራ በተራ መቅላት ጀመረ። ተራ ዓይነ ማዝ ቢሆን ማንም ዞሮ አያየውም ነበር፤ ይሄኛው ግን የዓይኑን ነጭ ደም የፈሰሰበት ያስመስለዋል። ከዚያ ረጅሙ የሚሉት ቆራጭ ዓይኑ ድኖለት፣ ተገላገልኩ ብሎ ሥራ ከገባ በኋላ አንድ ቀን ከወንበሩ ሊነሳ ሲል ቀኝ እግሩ የሌላ ሰው እግር ሆነበት። አልታዘዝ አለው። ይኸው ሆስፒታል ተኝቷል።

ናሙናው ላቦራቶሪ ገብቶ ሲወጣ ኢንቴሮቫይረስ የሚሉት ተሐዋሲ ሆነ፤ ያውም ብዙ ጊዜ የማይታይ ዓይነት። አብዛኛውን ሰው ዓይኑን አቅልቶ ይለቀዋል። በጣም ጥቂቱን ግን ነርቩ ውስጥ ገብቶ እግሩን ያዝለዋል። አለቃዋ "ከሰው ወደ ሰው በምን እንደሚሄድ እስከ ማታ ካላገኘሽ ቤቱን አሽገዋለሁ" ብሏታል። ቤቱ ከታሸገ እዚያ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ሊወድቅ ነው።

እዚያ ውስጥ ካለው ሰው አንዱ ደግሞ የልቧ ሰው ነው። የድንጋይ ቤቱ ባለቤት የእትዬ የመጨረሻ ልጅ፣ ታናሹ። በድብቅ ነው የሚዋደዱት፤ "ለእናቴ እነግራታለሁ" እያለ አንድ ዝናብ ሄዶ ሌላ ዝናብ መጥቷል። የማይነግራቸውም ወዶ አይደለም። የባለጥጧ እናት የዚያን ቤት ልብስ ስታጥብ ነው የኖረችው።

አሁን ደግሞ እሱም ተቀይሟታል። ስለዚያ ቆራጭ እግር ባወራት በማግስቱ የጤና ቢሮ መኪና በሩ ላይ ተገተረ። አሳልፋ የሰጠችው መሰለው። ስልኩ ላይ ረጅም መልእክት ጻፈችለት፤ አስረዳች፣ ለመነች፣ ተቆጣች፣ መልሳ ለመነች። የመጣላት መልስ አንድ ቃል ብቻ ነው። "ገባኝ።"

"ማናት እሷ?" የሚል ድምፅ ከበሩ ጀርባ መጣ። ማን እንደሆነች እያወቁ ነው የሚጠይቁት።

እትዬ ወጡ። አጭር ናቸው፤ ግን እሳቸው ሲቆሙ ረጅም ሰው አንገቱን ይሰብራል። ጥቁር መነጽር አድርገዋል፣ አንገታቸው ላይ ድንጋይ የሚመረምሩባት ሌንስ በክር ተንጠልጥላለች።

"ጤና ይስጥልኝ እትዬ።"

"ጤናውንማ ቢሯችሁ ወሰደው። የአጣቢዋ ልጅ አይደለሽ?"

"ነኝ።"

"እናትሽ ደህና ሴት ነበረች። የሰው ልብስ አጽድታ ትወጣለች። አንቺ የሰው ስም ልታቆሽሺ መጣሽ።"

የሳጥኑን ማንጠልጠያ ወደ ሌላው ትከሻዋ አዛወረች። "እናቴ እድፉ የቱ ጋ እንደሆነ ሳታይ አታሽም ነበር። እኔም ልየው ብዬ ነው።"

ዘበኛው መሬት መሬት አየ። እትዬ በሩን ራሳቸው ገፋ አደረጉት።

"ግቢና እዪ። ካላገኘሽ?"

"ቤቱ ይታሸጋል እትዬ።"

"ካገኘሽስ?"

ባለጥጧ አልፋቸው ገባች። የብረት በሩ ከኋላዋ ሲዘጋ፣ የገባች ሳይሆን የተከረቸመባት መሰላት።

* * *

ውስጡ እርጥብ ነው። ተሽከርካሪ ዲስኮቹ ላይ ውሃ ይንጠባጠባል፣ ድንጋዩ ሲፈጭ የሚወጣው ግራጫ ጭቃ የሰዉን ልብስ ሁሉ አንድ አድርጎታል። እያንዳንዱ ቆራጭ ድንጋዩን በሰም እንጨት ጫፍ ላይ ለጥፎ፣ አጎንብሶ፣ ዲስኩ ላይ ያስነካል፣ ያነሳል፣ ያስነካል።

"ዓይናችሁን ደብቁ!" አለ አንዱ ከጥግ። "ባለጥጧ መጣች!"

ይሄ ነገረኛው ነው። አፉ ለአፍታም አይዘጋ፤ ቤቱን የሚያስቀው እሱ፣ የሚያጣላውም እሱ።

"እህቴ፣ ከዓይኔ ጆሮዬን ብትጠርጊልኝ አይሻልም? ሚስቴ የምትለው አይሰማኝም።"

"አይሰማህም ወይስ አትሰማም?" አለችው።

ሳቁ። ግን ሳቁ አላስገባትም፤ ገና ውጭ በር ላይ እንደቆመች ሁሉ ነው የሳቁት። ታናሹ ብቻ አልሳቀም። ማለስለሻው ላይ አጎንብሷል፣ መነጽሩ አፍንጫው ጫፍ ላይ ወርዷል፣ ቀና አይልም። ያንን ማጅራት በደንብ ታውቀዋለች። ያ ማጅራት ዛሬ ግድግዳ ነው።

ጠየቀች። ፎጣ ትጋራላችሁ? አንጋራም፤ ሚስማሩ ላይ አየች፣ እውነትም የየራሳቸው ነው። የዓይን ጠብታ? የለም። የምትታጠቡት? ከቧንቧው።

"ታዲያ ለምንድነው የታመመውን ዓይን የምትደብቁኝ?"

አንድ ሽማግሌ ቆራጭ ዲስኩን አቆመ። "ዓይኑ የታመመ ቆራጭ ቤቱ ነው የሚላከው። ቤቱ የተላከን ሰው ማን ያበላዋል? አንቺ ታበዪናለሽ?"

"ጋሼ፣ እግርዎ ከዛለስ?"

"እግሬን አትጥሪብኝ!" ብሎ ጮኸባት።

ከዚያ ማንም አላነጋገራትም። ጥያቄዋ የዲስኮቹ ጩኸት ውስጥ እየገባ ተፈጨ። ሰው በጠላው ቤት ውስጥ ቆሞ እንዴት ይሠራል? እጇ ይጽፋል፣ ጆሮዋ ግን አንድ ዲስክ ብቻ ነው የሚለየው፤ የእሱን።

* * *

ታናሹን ድንጋይ የሚታጠብባት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው ያገኘችው። ገንዳው ላይ አጎንብሶ ድንጋይ ያለቀልቃል።

"ሰላም አትለኝም?"

"ለጤና ቢሮው ነው ወይስ ላንቺ?"

"ለእኔ።"

"አንቺን ድሮ አውቅሽ ነበር።"

"ድሮ? ይኸው ገና የሰጠኸኝ ስካርፍ ሽታው አልለቀቀም፣ ድሮ ትለኛለህ?"

ድንጋዮቹን ወንፊቱ ውስጥ ወረወራቸው። "የረጅሙን ነገር የነገርኩሽ ትከሻዬ ላይ ተደግፈሽ ነው። ትከሻዬ ላይ! በማግስቱ መኪናችሁ መጣ።"

"እኔ አልተናገርኩም።"

"ታዲያ ማነው?"

"ልነግርህ አልችልም። የበሽተኛ ጉዳይ ከአፌ አይወጣም።"

"ለእኔም?"

"ለማንም።"

"አይ ያንቺ አፍ! ሲመችሽ ይዘጋል።"

"ያን ሁሉ ጻፍኩልህ። 'ገባኝ' አልከኝ። ምኑ ነው የገባህ?"

"መሰላልሽ መሆኔ።"

ይሄኛው አመማት። እትዬ ካሏት ሁሉ ይሄኛው። "አንተን ተወጣጥቼ የት ደረስኩ? ይኸው ሰው ዓይን ስር ጥጥ ይዤ እለማመናለሁ! ይልቅ አንድ ነገር ንገረኝ። ለእናትህ ስለ እኔ ነግረሃታል?"

የቧንቧው ውሃ ጠብ አለ። ጠብ አለ።

"አየህ? እኔ ይሄን በር ያለፍኩት በመታወቂያዬ ነው። ባንተ ስም አልፌው አላውቅም።"

ቀና ብሎ ሊያያት ነበር፤ ዓይኖቹ እሷ ጋ ሳይደርሱ ተመለሱ። ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ቆማ ፊቷን በክንዷ ጠራረገች። ሰው አሳድዶ ሲያባርርሽ ትሄጂያለሽ፤ ሳያይሽ ሲያባርርሽ ግን እግር እንኳ መሄጃው ይጠፋዋል።

* * *

መጠየቁን ተወችው። አንድ ጥግ ላይ የተገለበጠ ባልዲ አግኝታ ተቀመጠችና ማየት ጀመረች።

አንድ ነገር እያብሰለሰላት ነው። የሒሳብ ሠራተኛዋ እነሱ መሐል ነው የምትውለው፤ ያንኑ አየር ትተነፍሳለች፣ ከዚያው ቧንቧ ትታጠባለች፤ ዓይኗ እንደ ወተት ነው። ዘበኛው ደግሞ ውጭ በሩ ላይ ይውላል፤ ውሃውን ከቤቱ በጆግ ይዞ ይመጣል፤ ዓይኑ ቀልቷል። ዘበኛውን ከቆራጮቹ ጋር ምን አገናኘው?

እትዬ ከጠረጴዛቸው ተጣሩ። "አንተ ነገረኛ! ና!"

ነገረኛው እየተጎተተ ሄደ። እትዬ ጥቁር መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መልሰው፣ ሌንሷን የዓይናቸው ጉድጓድ ውስጥ ሰክተው ድንጋዩን አገላበጡት።

"ጠርዙን በልተኸዋል።"

"ኧረ እትዬ፣ እኔ መብላት ካቆምኩ ቆየሁ።"

"አትቀልድ። እኔ የሰውን ጥፋት በአፌ ብቻ ነግሬ አላውቅም። እንካ፣ ራስህ እየው።"

ሌንሷን ከዓይናቸው ነቅለው፣ ገና እንደሞቀች፣ እንደረጠበች፣ የዙሪያዋን የጎማ ከንፈር የእሱ ዓይን ላይ ገጠሙለት። አጎንብሶ አየ። "እውነትዎን ነው" አለ። ተመለሰ። ሽማግሌው ተጠራ። "እንካ፣ ራስህ እየው።" ከዚያ ሌላው። በመጨረሻ አንዲት ሰማያዊ ድንጋይ ምንም እንከን የሌላት ወጣች። እትዬ ደስ ሲላቸው ድምፃቸው ይቀየራል። "ዘበኛውን ጥሩት! የሚጠብቀውን ነገር ይወቅ እንጂ!"

ዘበኛው ቆቡን አውልቆ ገባና ያንኑ ሌንስ ዓይኑ ላይ አደረገ። "አቤት ስታምር!" አለ።

ባለጥጧ ከባልዲው ላይ ተነሳች፣ ወዲያው መልሳ ተቀመጠች።

የቤቱ ወግ ነው። እትዬ ማንንም ሳያሳዩ አይወቅሱም፣ ለማንም ሳያሳዩ አይሸጡም። ድንጋይ ሊገዙ የሚመጡት ነጋዴዎችም ከዚያችው ሌንስ ነው የሚያዩት። ታናሹ ብቻ ከልጅነቱ ጀምሮ መነጽር ስለሚያደርግ ሌንሷን ከመነጽሩ በላይ አራቅ አድርጎ ነው የሚይዛት፤ ዓይኑን ነክታው አታውቅም። ሌንሷን ከያዙት ሁሉ እሱ ብቻ አልታመመም።

ቀና አለች። ታናሹ እያያት ነው። ከመጣች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ለዓይን ገጠሙ። እሷ ያየችውን እሱም አየ፤ እሷ እንዳየችም አየ። ፊቱ ላይ ቁጣው ተኖ ጠፋና ፍርሃት ብቻ ቀረ። ያን ፊት ስንት ቀን ናፍቃው ነበር! እንዲህ ሆኖ እንዲመጣላት አልነበረም።

* * *

ወደ እትዬ ጠረጴዛ ስትሄድ ታናሹ ኮሪደሩ ላይ መንገድ ዘጋባት።

"አይተሻል።"

"አንተም አይተሃል።"

"ስሚኝ። ሌንሷን ዛሬውኑ አጠፋታለሁ። ከእጄ ወደቀች ብዬ ዲስኩ ላይ እለቃታለሁ፣ ዱቄት ትሆናለች። በሽታው ይቆማል፣ እናቴ ሳታውቅ ያልቃል። አንቺ ለአለቃሽ ፎጣ ነው በይው።"

"ፎጣ አይደለማ!"

"ማን ያውቃል?"

"እኔ አውቃለሁ!"

"እናቴ ሰው እንዳይበደል ብላ እኮ ነው የምታሳያቸው። ዕድሜዋን ሙሉ የምትኮራበት ነገር ይሄ ብቻ ነው። ረጅሙን እኔ ነኝ እንዲህ ያደረግኩት ካለች አትተርፍም።"

"ያቺ ሌንስ የነጋዴዎቹ ዓይን ላይም ገብታለች። አሁን የት ናቸው? በየቤታቸው። ከየልጆቻቸው ጋር። እኔ ፎጣ ነው ካልኩ እነሱን ማን ይጠራቸዋል? ሌላ እግር እስኪዝል ልጠብቅልህ?"

እጇን ያዛት። ደረቅ፣ በድንጋይ የተሸረሸረ እጁ። ድምፁ ተሰበረ።

"ዝም በይልኝና አሁኑኑ፣ እጅሽን እንደያዝኩ እናቴ ፊት አቆምሻለሁ። በሰው ሁሉ ፊት 'የማገባት ይቺን ነው' እላታለሁ። ስትጠብቂው የነበረው ይሄ አይደል? አሁን። ዛሬ።"

ምን ልበላችሁ። ይሄን ነገር አውቶቡስ ውስጥ መስኮት ተደግፋ ሰምታዋለች፣ እንቅልፍ ሲወስዳት ሰምታዋለች፣ እናቷ የሰው አንሶላ ስታጥፍ ከአንሶላው ወዲያ ሰምታዋለች። እያንዳንዱ ቃል እንደተመኘችው ነው የመጣው። ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር ዘለለ፤ ዘሎ ሳያርፍ ወደቀ።

"እጄን ልቀቅ።"

"እኔ እኮ..."

"ልቀቅ አልኩህ! ፍቅርህን የአፍ መዝጊያ ነው ያደረግከው? ለእናቴ ሳሙና ስትሰጧት እንኳ እንዲህ አድርጋችሁ አልሰጣችኋትም!"

ለቀቃት። እሱ ግድግዳውን ተደገፈ፣ እሷ አለፈች። ቀለበት የሚታሰርበትን ጣት ሳታስበው ሸሚዟ ላይ እያሻሸች ነበር፤ እድፍ እንደነካው።

* * *

"እትዬ፣ ለብቻችን ብንነጋገር።"

"እዚህ ቤት ጥፋት በጓዳ አይነገርም። በይው።"

"እባክዎ እትዬ።"

"በይው አልኩሽ!"

ዲስኮቹ አንድ በአንድ ቆሙ። ባለጥጧ የእትዬ አንገት ላይ ወደተንጠለጠለችው ነገር በጣቷ አመለከተች። "ሌንስዎ ነው። በሽታውን ከዓይን ወደ ዓይን ይዛ የምትሄደው እሷ ናት።"

ቤቱ ፈነዳ። "ውሸቷን ነው!" "እናቷን ልብስ ስላሳጠቡ ልትበቀል ነው!" "ኧረ አስወጧት!" ሽማግሌው ድንጋይ የሚለጠፍበትን እንጨት እስከማንሳት ደረሰ። ፊቷ አመድ እስኪመስል ፈራች። ግን አልተነቃነቀችም።

"የሒሳብ ሠራተኛችሁ ለምን አልታመመችም? ድንጋይ ስለማታይ! ዘበኛው ለምን ታመመ? ስለሚያይ! ልጅዎስ? መነጽሩ ስላራቀለት!"

እትዬ እጃቸውን አነሱ። ጥቁር መነጽራቸውን ቀስ ብለው አወለቁ። ሁለቱም ዓይናቸው ደም ነው። አንድ ሰው ከኋላ "ወይኔ" አለ።

"ረጅሙ..." አሉ። "ያቺን አረንጓዴ ድንጋይ ጫፏን ሰብሯት ነበር። ራሴ ነኝ ዓይኑ ላይ የገጠምኩለት። ጭንቅላቱን ይዤ።"

"አላወቁም ነበር እትዬ።"

"ጠበቃ አቁሚልኝ አላልኩሽም!" ክሩን ከአንገታቸው በጣጠሱት፤ ሌንሷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጧት። "ውሰጃት። ሥራሽንም ሥሪ። ቶሎ።"

ጓንት አደረገች። የእትዬን የታችኛውን ቆብ በአውራ ጣቷ ዝቅ አድርጋ ጥጡን አስነካች። የአጣቢዋ ልጅ እንዲህ ተጠግታቸው አታውቅም። እንባቸው ጓንቷ ላይ ወረደ፤ ከጥጡ ይሁን ከሌላ እሳቸው ብቻ ናቸው የሚያውቁት።

"ደስ አለሽ አሁን?"

"አላለኝም።"

"ከቤቴ ወሬውን ያወጣልሽ እሱ ነው አይደል?" በአገጫቸው ወደ ታናሹ። "ምን ታፈጣለህ? እንደምትገናኙ የማላውቅ መስሎሃል? ዓይኔ ቀላ እንጂ አልታወረም!"

ቤቱ ሁሉ ወደ ታናሹ ዞረ። የተናገረው ግን ነገረኛው ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቀልድ።

"እሱ አይደለም እትዬ። እሷም አይደለችም። ረጅሙን አዝዬ ሆስፒታል ያደረስኩት እኔ ነኝ። እግሩ በድንገት የዛለ ሰው ከመጣ ፖሊዮ እንዳይሆን ለጤና ቢሮ ሳንደውል አናልፍም አለ ሐኪሙ። እዚያው አልጋው አጠገብ ቆሜ እያየሁ ነው የደወለው። ያመጣህብን አንተ ነህ እንዳትሉኝ ፈርቼ ዝም አልኩ።"

ታናሹ ባለጥጧን አየ። አላየችውም። ጠርሙሱን እየዘጋች ነው፤ ክዳኑን ከሚገባው በላይ አጠበቀችው።

"እማ" አለ፣ ድምፁ ከሆዱ ስር እየወጣ። "ደብቂው ብያት ነበር። ከደበቅሽው አገባሻለሁ አልኳት።"

"እሷስ?"

"እምቢ አለችኝ።"

እትዬ ልጃቸውን ለረጅም ጊዜ አዩት፣ ድንጋይ እንደሚያዩ። "እኔን መያዣ አድርገህ ሚስት ልታመጣ ነበር? በላ ጥፋትህን ማን ያሳይህ? ሌንሴን ወስዳብኛለች።" ወደ ሠራተኞቹ ዞሩ። "ዓይኑ የቀላ ሁሉ ቤቱ ይሂድ፤ ደሞዙ አይነካም። ረጅሙ ጋ እኔ ራሴ ሄጄ እነግረዋለሁ።"

"አሁን ከእርስዎ ወደ ሌላ ይተላለፋል እትዬ፤ ዓይንዎ እስኪድን ይቆዩ" አለቻቸው ባለጥጧ።

"ትእዛዝሽን ተቀብያለሁ። አሁን ሂጂልኝ። ፊትሽን ማየት ይበቃኛል ለዛሬ።"

"የነጋዴዎቹን ስም..."

"እልካለሁ አልኩ እኮ! ሂጂ!"

አላሉም ነበር። ግን እንደሚልኩ አወቀች። ሠራተኞቹ መንገድ ለቀቁላት፤ ደህና ሁኚ ያላት ግን የለም። ልክ ሆኖ መገኘት እንዲህ ብቻን እንደሚያስቀር የነገራት ሰው አልነበረም።

* * *

መንገዱ ላይ ሆና ለአለቃዋ ደወለች። "ተገኝቷል። ማሸግ አያስፈልግም፤ ይጽዳና የታመመው ይረፍ።" ስልኩን ስትዘጋ ከኋላዋ ሩጫ ሰማች።

"ቆይ! ቆይ እንጂ!"

ታናሹ ነው። ግራጫ ጭቃው እስከ ክርኑ። በሩ ላይ ዘበኛው፣ ነገረኛው፣ ሽማግሌው ተደራርበው ያያሉ። መንገደኛም ቆሟል።

"አጥፍቻለሁ። ሳላጣራ ፈረድኩብሽ። ከዚያ ደግሞ የባሰውን አደረግኩ።"

"አዎ።"

"እወድሻለሁ። ይኸው በሰው ፊት። እናቴም መስኮቱ ላይ ናት፤ ትስማ! የማገባት ይቺን ነው!"

እንደዚያ ጮኸው። አንድ ሰው ከበሩ "ጎሽ!" አለ፤ ነገረኛው ሳይሆን አይቀርም። ባለጥጧ የቢሮውን መኪና በር እንደያዘች ቆመች። ይሄን ያህል ቆንጆ ነገር ይሄን ያህል ሊያናድድ ይችላል?

"ከጥቂት ደቂቃ በፊት ዝምታዬን ፈልገህ ነው ያልከው። አሁን ምን ፈልገህ ነው?"

"ምንም!"

"ይቅርታዬን ፈልገህ ነው። ሁለት ጊዜ አልከው፣ ሁለቴም ከእኔ የምትፈልገው ነገር ነበረ። ከእኔ ምንም የማትፈልግበት ቀን ሲመጣ ና፣ ያን ጊዜ እሰማሃለሁ።"

ራሱን ነቀነቀ። መነጽሩን አውልቆ በጭቃው እጁ ሊጠርግ ሞከረ፤ የባሰ አቆሸሸው።

"እንደዚያ ዓይነት ቀን አይመጣም" አለ በቀስታ፣ ለእሷ ብቻ። "ከአንቺ የማልፈልገው ነገር የለኝም።"

መኪናው ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋች። ሹፌሩ "እንሂድ?" አላት፤ ራሷን ነቀነቀች። መኪናው ሲንቀሳቀስ ንዴቷን በሁለት እጇ አጥብቃ ያዘችው። ከለቀቀችው የሚቀራት ፍቅሩ ብቻ እንደሆነ ታውቃለች፤ በዚህ ሰዓት ደግሞ እሱን የምትሸከምበት አቅም የላትም።